ዕድሜው የገፋ እግር ኳስ ተጫዋች ከሕመም በኋላ ትልቁን ክለብ ይልቀቅ? የዳረን ፍሌቸር የአንጀት ሕመም ምን ያሳየናል

ስኮትላንዳዊው አማካይ ዳረን ፍሌቸር ማንችስተር ዩናይትድን ለቆ ወደ ዌስት ብሮሚች አልቢዮን የተዛወረው በፌብሩዋሪ 2015 ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት የተጫዋቾቹ ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። 31 ዓመት ገና መሙላቱ ነበር። የተወው ክለብ ከልጅነቱ ጀምሮ ያደገበትና 342 ጊዜ የተሰለፈለት ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ሁለት ዓመት ለሚሆን ጊዜ በመሃል ለጥቂት ወራት ከመመለሱ በስተቀር ከሜዳ ርቆ ነበር። ምክንያቱ የጉልበት ወይም የቁርጭምጭሚት ጉዳት አልነበረም። አልሰሬቲቭ ኮላይትስ የሚባል የትልቁ አንጀት ሕመም ነው።

ይህን ጽሑፍ የሚያነቡት ምናልባት እርስዎ ራስዎ ወይም የቤተሰብዎ አባል በዚህ ሕመም ስለተያዘ ይሆናል። ወይም ሕመሙ ሌላ ሆኖ ጥያቄው ግን አንድ ሊሆን ይችላል፦ "ድኛለሁ፤ አሁን ወደ ድሮው ከባድ ሥራዬ ልመለስ ወይስ ቀለል ወዳለ ቦታ ልሂድ?" የተጫዋቾችን ታሪክ የመረጥነው ሰውነታቸው መሥሪያቸው ስለሆነና የሆነባቸው ሁሉ በአደባባይ ስለታየ ነው።

አልሰሬቲቭ ኮላይትስ ምን ዓይነት ሕመም ነው?

የሰውነት የመከላከያ ኃይል የራሱን የትልቁን አንጀት የውስጥ ሽፋን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃዋል። ሽፋኑ ይቆጣል፣ ይቆስላል፣ ይደማል። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ከፊንጢጣ አካባቢ ይጀምርና ወደ ላይ ይዘልቃል። በማንኛውም ዕድሜ ሊጀምር ቢችልም በብዛት የሚታየው ከ15 እስከ 30 ዓመት ባሉ ወጣቶች ላይ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በመጥፎ ምግብ ወይም በጭንቀት የሚመጣ በሽታም አይደለም፤ ጭንቀት ግን ምልክቶቹን ሊያባብስ ይችላል።

ዋናው ምልክት ደምና ንፍጥ የተቀላቀለበት ተቅማጥ ነው። ከዚያም የሆድ ቁርጠት፣ ከተቀመጡ በኋላም ያልጨረሱ የሚመስል ስሜት፣ ክብደት መቀነስ፣ ደም ማነስ እና ከፍተኛ ድካም ይከተላሉ። ከሁሉም በላይ ታማሚውን የሚያስጨንቀው ደግሞ ድንገተኛው ጥድፊያ ነው፤ መጸዳጃ ቤት በአቅራቢያ ከሌለ መውጣት ያስፈራል። ፍሌቸር ሕመሙን ለረጅም ጊዜ ከቡድን ጓደኞቹ ደብቆ እንደኖረ በኋላ በይፋ ተናግሯል። በ2011 ሜዳ ላይ ሲጠፋ የተሰጠው ምክንያት "ቫይረስ" የሚል ነበር። እውነቱ የተገለጸው በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ክለቡ ተጫዋቹ ላልተወሰነ ጊዜ እረፍት እንደሚወስድ ሲያስታውቅ ነው።

መደበቁ ለሚያውቁት ሰዎች አያስገርምም። ስለ ሰገራ ማውራት በማንም ዘንድ ነውር ነው፤ በእኛም ቤት እንዲሁ። ስለዚህ ብዙ ታማሚዎች ደም እያዩ ወራት ያሳልፋሉ፤ ኪንታሮት ነው ብለው ያልፉታል ወይም በየጊዜው የአሜባ መድኃኒት ከፋርማሲ ገዝተው ይውጣሉ። በኢትዮጵያ አሜባና ሌሎች የአንጀት ኢንፌክሽኖች በብዛት ስለሚገኙ ደም የተቀላቀለ ተቅማጥ ሲታይ ሐኪሙ መጀመሪያ እነሱን መጠርጠሩ ትክክል ነው። እንዲያውም ለአልሰሬቲቭ ኮላይትስ የሚሰጠው ስቴሮይድ አሜባ ላለበት ሰው አደገኛ ስለሆነ መጀመሪያ ኢንፌክሽን አለመኖሩ መረጋገጥ አለበት። ነገር ግን መድኃኒቱ ተወስዶ ደሙ ካልቆመ ወይም እየተመላለሰ ከመጣ፣ ለተጨማሪ ሳምንት ያንኑ መድኃኒት መድገም መፍትሔ አይደለም። የጨጓራና አንጀት ስፔሻሊስት ዘንድ ቀርበው ኮሎኖስኮፒ (በካሜራ የአንጀት ምርመራ) እና የናሙና ምርመራ ይጠይቁ። የአንጀት ቲቢም አንዳንድ ጊዜ ተመሳሳይ ገጽታ ስለሚኖረው የናሙናው ውጤት ያስፈልጋል።

ሕክምናው በሥራ አቅም ላይ ምን ያደርጋል?

ሕመሙ ይነሳል፣ ይተኛል። ለወራት ወይም ለዓመታት ጸጥ ሊል፣ ከዚያም ሊያገረሽ ይችላል። ቀለል ላለ ደረጃ ሜሳላዚን የሚባለው መድኃኒት ይሰጣል፤ ሕመሙ ጋብ ካለም በኋላ እንዳያገረሽ ይቀጥላል። ሲያገረሽ ፕሬድኒሶሎንን የመሰለ ስቴሮይድ ለተወሰነ ጊዜ ይታዘዛል። ከዚያ በላይ ሲሆን አዛታዮፕሪን ወይም ባዮሎጂክ የሚባሉት በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶች አሉ። እነዚህ የመከላከያ ኃይልን ስለሚያዳክሙ፣ በተለይ ባዮሎጂኮቹ ከመጀመራቸው በፊት የተደበቀ ቲቢ መኖር አለመኖሩ ይመረመራል።

ስቴሮይድን ትንሽ ዘርዘር አድርገን እንይ፤ ምክንያቱም "ልልቀቅ ወይስ ልቆይ" የሚለውን ጥያቄ በቀጥታ ይነካል። መድኃኒቱ ሕመሙን በፍጥነት ያበርዳል፤ ሰው "ተአምር ነው" ይላል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግን ጡንቻን ያሳሳል፣ አጥንትን ያዳክማል፣ ስኳርንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ስሜትን ያዋዥቃል። አንዱ ከመጠን በላይ ይነቃቃል፣ ሌላው ይከፋዋል። በዚህ ሁኔታ ላይ ሆኖ ስለ ሥራ፣ ስለ ኮንትራት ወይም ስለ ትዳር ትልቅ ውሳኔ መወሰን ጥሩ አይደለም ብለን እናምናለን። ቤተሰብም ይህን ይወቅ፤ "ሁሉን ትቼ ልሂድ" የሚለው ሰው እየተናገረ ያለው በከፊል መድኃኒቱ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ከጥቂት ሳምንታት በላይ የተወሰደ ስቴሮይድ በድንገት አይቆምም። ሐኪሙ በሚያዘው መጠን ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው።

ለባለሙያ ስፖርተኛ ሌላም ጣጣ አለ። በአፍ ወይም በደም ሥር የሚወሰድ ስቴሮይድ በውድድር ወቅት በዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች ቅመሞች ሕግ የተከለከለ ነው። ለሕክምና ግድ ከሆነ አስቀድሞ ልዩ ፈቃድ ይጠየቅበታል።

መድኃኒት አልበቃ ሲል የታመመውን ትልቅ አንጀት ማውጣት አማራጭ ይሆናል። ፍሌቸር ቀዶ ሕክምና ያደረገው በጃንዋሪ 2013 ሲሆን የቀረው የውድድር ዘመን በዚያው አለፈው። ከእንዲህ ዓይነቱ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሰገራ በሆድ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ በኩል ወደ ከረጢት ይወጣል፤ ወይም ከትንሹ አንጀት ጫፍ የውስጥ ማጠራቀሚያ ተሠርቶ ከፊንጢጣ ጋር ይገናኛል። የውስጥ ማጠራቀሚያ ያለው ሰው በቀን ከ4 እስከ 8 ጊዜ መጸዳጃ ቤት መሄዱ የተለመደ ነው። ይህ ብዙ ቢመስልም የድሮው ጥድፊያና ደም ስለማይኖር ብዙዎች ሕይወታቸው እንደተመለሰ ይሰማቸዋል። ትልቁ አንጀት ውሃና ጨው መልሶ የሚመጥጥ አካል በመሆኑ ከወጣ በኋላ ሰውነት በቀላሉ ይደርቃል። በሙቀት ለሚሮጥ፣ ለሚሸከም ወይም ለሚያርስ ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ንጹህ ውሃ ብቻ ሳይሆን ጨውም መተካት ስላለበት የኦ.አር.ኤስ. ፓኬት በእጅ መያዝ ይጠቅማል። ሆድ በተከፈተበት ቦታ እበጥ (ሄርኒያ) እንዳይወጣም ለሳምንታት ከባድ ዕቃ ማንሳት ይከለከላል።

ታዲያ ለምን ለቀቀ?

በዲሴምበር 2013 ፍሌቸር በአስቶን ቪላ ላይ ተቀይሮ ገባ። በ2014 የበጋ ወቅት አዲሱ አሰልጣኝ ሉዊ ቫንሀል ምክትል አምበል አደረገው። ከዚያ በኋላ ግን ቀስ በቀስ ተቀያሪ ወንበር ላይ ቀረ። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ተደራርበዋል፤ ታማሚውም ቤተሰቡም ብዙ ጊዜ የሚያምታቷቸው እነዚህን ሁለቱን ነው።

አንደኛው ሕመሙ ነው። ሁለተኛው ዕድሜ ነው። ሙሉ ጤነኛ ሰውም ቢሆን ከ30 ዓመት በኋላ የሰውነቱ ኦክስጅን የመጠቀም አቅም ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ልምምድ ያላቋረጠ ሰው ላይ ቅነሳው ያነሰ ነው። ችግሩ መቋረጡ ላይ ነው። የ20 ዓመት ልጅ ለወራት ተኝቶ ቢነሳ ያጣውን ቶሎ ይመልሳል። የ30 ዓመቱ አማካይ ግን ያጣውን ሲመልስ ዕድሜው ደግሞ ከላይ እየቀነሰበት ነው። ስለዚህ "ድኗል" እና "እንደ ድሮው ሆኗል" የተለያዩ አባባሎች ናቸው። ሐኪሙ ሊያረጋግጥ የሚችለው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

በዚህ ላይ የትልቅ ክለብ የሥራ ጫና አለ። በአውሮፓ ውድድር የሚሳተፍ ቡድን በአንድ የውድድር ዘመን ከ50 በላይ ጨዋታ ሊያደርግ ይችላል፤ ቅዳሜ ተጫውቶ ረቡዕ ይደግማል። በመካከለኛ ክለብ ግን አብዛኛው ሳምንት አንድ ጨዋታ ብቻ ነው ያለው። ከሕመም ለተነሳ ሰውነት በጨዋታዎች መካከል ያለው የእረፍት ቀን ከክለቡ ስም በላይ ዋጋ አለው። ትልቁ ክለብ ደግሞ ተጫዋች ሁለት ሳምንት ቢደክም የሚተካው ሌላ አለው፤ የተተካውም መልሶ ቦታውን ለማግኘት የሚሰለፍበት ጨዋታ አያገኝም።

ውጤቱን እናውቀዋለን። ዌስት ብሮም ገና እንደደረሰ አምበል አደረገው፤ በ2015/16 የውድድር ዘመን በሁሉም 38 የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች ተሰልፏል። በኋላም ለስቶክ ሲቲ ተጫውቷል። በ2020 ደግሞ ወደ ማንችስተር ዩናይትድ በአሰልጣኝነት ተመለሰ፤ ቀጥሎም በ2021 ቴክኒክ ዳይሬክተር ሆነ።

የእኛ አስተያየት ይህ ነው፦ ፍሌቸር መልቀቁ ብቻ ሳይሆን የለቀቀበት ጊዜም ትክክል ነበር። ታምሞ ሳለ ቆየ፤ ድኖ ሄደ። ለመታመም የሚሻለው ቦታ ትልቁ ክለብ ነው፤ ደሞዝ አለ፣ ሐኪም አለ፣ የሚታገስ አለ። ከዳኑ በኋላ ለመጫወት የሚሻለው ደግሞ የሚፈለጉበት ቦታ ነው። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ሕመሙ በተነሳበት ሰሞን በሀፍረት ሥራውን ይለቃል፤ ከዳነ በኋላ ደግሞ "እንደ ድሮው መሆኔን ላሳያቸው" ብሎ ከማይችለው ጫና ጋር ይታገላል።

ሌሎቹ ሕመሞች ሌላ መልስ አላቸው

የፍሌቸር መልስ ለሁሉም አይሠራም። ፈረንሳዊው ተከላካይ ኤሪክ አቢዳል በባርሴሎና ሳለ በማርች 2011 ጉበቱ ላይ ዕጢ ተገኝቶበት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በሜይ ወር የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ሙሉውን ተጫውቶ ዋንጫውን አነሳ። በኤፕሪል 2012 የጉበት ንቅለ ተከላ አደረገ፤ ከዓመት በኋላ በኤፕሪል 2013 እንደገና ሜዳ ገባ። ክለቡ ግን ኮንትራቱን አላደሰለትም፤ በ33 ዓመቱ ወደ ሞናኮ ሄደ። እሱ መቆየት ይፈልግ ነበር። ስንብቱን ያዩ ሁሉ እንባውን ያስታውሳሉ። ንቅለ ተከላ ያደረገ ሰው አዲሱን ጉበት ሰውነቱ እንዳይቃወመው ዕድሜውን ሙሉ መድኃኒት ይወስዳል፤ ኢንፌክሽን ቶሎ ይይዘዋል፣ የደም ምርመራው አይቋረጥም። በዚህ ሁኔታ ለአንድ የውድድር ዘመንም ቢሆን መጫወቱ ትልቅ ነገር ነው። ክለቡ የሚያስበው ግን ስለሚቀጥሉት ዓመታት ነው።

የግብ ጠባቂው ኢከር ካሲያስ ጉዳይ ከዚህም ይለያል። በሜይ 1 ቀን 2019 በፖርቶ ልምምድ ላይ ሳለ፣ 38 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የልብ ድንገተኛ ሕመም (ሃርት አታክ) ደረሰበት። ከዚያ በኋላ በይፋዊ ጨዋታ ላይ አልተሰለፈም፤ በኦገስት 2020 ጓንቱን መስቀሉን አስታወቀ። የልብ ደም ሥር ተከፍቶ ስቴንት የተደረገለት ሰው ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ መድኃኒቶችን ለወራት ይወስዳል፤ ሲጋጭ በቀላሉ ሊደማ ይችላል። እዚህ ላይ ጥያቄው "የትኛው ክለብ?" ሳይሆን "መጫወት ራሱ ተገቢ ነው?" የሚል ነው። ሰርሂዮ አጉዌሮም በልብ ምት መዛባት ምክንያት በዲሴምበር 2021 በ33 ዓመቱ ከባርሴሎና ወደ ሌላ ክለብ ሳይሆን ወደ ቤቱ ነው የሄደው።

ክርስቲያን ኤሪክሰን በዕድሜ ከእነዚህ ያነሰ ቢሆንም አንድ ነገር ያስተምረናል። በጁን 2021 ልቡ ሜዳ ላይ ከቆመ በኋላ የልብ ምትን የሚያስተካክል መሣሪያ ደረቱ ውስጥ ተገጠመለት። የጣሊያን ደንብ መሣሪያው ያለው ተጫዋች በሊጉ እንዲጫወት አይፈቅድም፤ ኢንተር ሚላን በስምምነት አሰናበተው። በጃንዋሪ 2022 የእንግሊዙ ብሬንትፎርድ ወሰደው፤ በዚያው ዓመት ማንችስተር ዩናይትድ ገባ። አንዳንድ ጊዜ የሚያስለቅቀው ሰውነት ሳይሆን የአገሩ ሕግ ነው።

እርስዎስ? ከመወሰንዎ በፊት

ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ከባድ መኪና የሚነዳ ሰው አልሰሬቲቭ ኮላይትስ ቢኖርበት ችግሩ ጉልበት አይደለም፤ መንገድ ላይ መጸዳጃ ቤት አለመኖሩ ነው። የአንጀቱ ሕመም ጸጥ ካለ ያው ሥራ ይቻል ይሆናል፤ ካልሆነ በከተማ ውስጥ መንዳት ለጤናውም ለደሞዙም ይሻለዋል። ሰላሳ ተማሪ ፊት የምትቆም መምህርት የሚያስፈልጋት ሥራ መቀየር ሳይሆን "ለአምስት ደቂቃ ልውጣ" ስትል የማይጠይቃት ርዕሰ መምህር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ በሥራዎ ላይ በትክክል የሚያስቸግርዎት ምን እንደሆነ ለይተው ይጻፉና ለሐኪምዎ ያሳዩ። "ልሠራ እችላለሁ?" ብሎ በጥቅሉ ከመጠየቅ "በቀን 8 ሰዓት ቆሜ፣ 50 ኪሎ እያነሳሁ፣ በሳምንት 6 ቀን መሥራት እችላለሁ?" ብሎ መጠየቅ የተሻለ መልስ ያስገኛል። ሕመሙ ለምን ያህል ጊዜ ጸጥ ብሎ ሲቆይ እንደተረጋጋ እንደሚቆጠር፣ የሚወስዱት መድኃኒት በሚሄዱበት ቦታ ይገኝ እንደሆነም ይጠይቁ።

በኢትዮጵያ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደሩ ከሆነ፣ የሙከራ ጊዜዎን ጨርሰው በሕመም መሥራት ካልቻሉ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይኖርዎታል፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደሞዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከደሞዙ ግማሽ ጋር፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል። ይህን መብት ሳይጠቀሙ በሀፍረት ሥራ የሚለቁ ሰዎች አሉ። በአሜሪካ ለምትኖሩ የጤና መድኅን ብዙ ጊዜ ከሥራው ጋር የተያያዘ ነው፤ በዓረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዱ ከአሠሪው ጋር። ስለዚህ መድኃኒቱን ማን እንደሚከፍል ሳያውቁ አይልቀቁ።

ለቤተሰብ፦ ታማሚው ጥሩ መልክ ስላለው ብቻ ድኗል አይበሉ፤ የዚህ ሕመም ድካም ከውጭ አይታይም። በሌላ በኩል "አርፈህ ተቀመጥ፣ በቃህ" እያሉ አይጫኑት። ሕመሙ ጸጥ ያለለት ሰው መሥራትም ስፖርት መሥራትም ይችላል፤ እንቅስቃሴ አንጀቱን አያቆስለውም። ለመገጣጠሚያ ወይም ለራስ ምታት አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ከመውሰዱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ሕመሙን ሊቀሰቅሱት ይችላሉ። ጾም ላይ ከሆነ የመድኃኒቱን ሰዓትና የፈሳሹን ጉዳይ አስቀድሞ ይነጋገርበት። ሕመሙ ከጀመረ 8 ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ምንም ባይሰማውም እንኳ የአንጀት ካንሰርን ቀድሞ ለማግኘት የኮሎኖስኮፒ ክትትል ይጀመራል።

በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያለብዎት መቼ ነው?

በቀን ከ6 ጊዜ በላይ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ካለ፣ በዚያ ላይ ትኩሳት ወይም የልብ ምት መፍጠን ከታከለበት፣ ሆድ ተነፍቶ ሲነካ በጣም የሚያም ከሆነ፣ ቆመው ሲነሱ ራስዎን የሚያዞርዎት ወይም ሽንትዎ በጣም የቀነሰ ከሆነ በዕለቱ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የሆድ ከረጢት ያለው ሰው ለሰዓታት ምንም ካልወጣለትና ቁርጠትና ትውከት ካለው እንዲሁ ያድርግ። ሲሄዱ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ በተለይ ስቴሮይዱን፣ ከነማሸጊያቸው ይዘው ይሂዱ።